ከባሕር ማዶ የመጣ የፍርድ ወረቀት በጎንደር ደጅ

ጥር በጎንደር የበዓልም የሰርግም ወር ነው። ታቦታቱ በዐፄ ፋሲል መዋኛ አድረው በዝማሬና በእልልታ ወደየመንበራቸው ከተመለሱ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት፣ በከተማይቱም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋዎች ሰርግ የማይሰማበት ሰንበት ጥቂት ነው። በዚሁ ወቅት ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዐረብ ሀገራት ብዙ የጎንደር ልጆች ይመለሳሉ። ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ አሉ፤ ስእለታቸውን ሊያደርሱ የሚመጡ አሉ፤ ጎጆ ሊቀልሱ የሚመጡም አሉ።

ጎጆ ሊቀልስ የመጣው ምእመን ወደ ንስሐ አባቱ በቀረበ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ «ከዚህ ቀደም ትዳር ነበረህን?» የሚል። መልሱ «ነበረኝ፤ ነገር ግን እዚያ ፍርድ ቤት ፈትቻለሁ» የሚል ከሆነ ከቦርሳው አንድ ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ፣ በባዕድ ማኅተም የታተመ፣ ምናልባትም በኢምባሲ በኩል የመጣ ነው። ካህኑ ወረቀቱን ያዩታል፤ የሙሽራይቱ አባት ያዩታል፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ይህ ፍርድ እዚህ ምን ያህል ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። መልሱ ሲሳሳት አንዲት እኅት ሳታውቀው የሌላ ሴት ባል ታገባለች፤ ሌላይቱም ሳትሰማ ተፈታች ትባላለች፤ ሕፃናት ያለ ቀለብ ይቀራሉ፤ የአባት ርስት ለዓመታት በክርክር ይያዛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በውጭ ሀገር የተሰጠ ፍርድ በሀገራችን፣ በሀገራችን የተሰጠ ፍርድም በውጭ ሀገር እንዴት እንደሚታይ፣ በዚህም መካከል የሕግ ባለሙያዎች የሚሰጡት አስተያየት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ልንመለከት ወደድን።

የሌላውን ፍርድ መቀበል ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም

በአንድ ስፍራ የተሰጠ ፍርድ በሌላ ስፍራ ይጽና ወይስ አይጽና የሚለው ጥያቄ የዘመናዊ መንግሥታት ፈጠራ ሊመስል ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ግን ገና በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ጉባኤ መልስ ሰጥታበታለች። የጉባኤው አምስተኛ ቀኖና በአንድ ሀገረ ስብከት ኤጲስ ቆጶስ የተወገዘውን ሰው ሌላው እንዳይቀበለው ያዝዛል። በዚያ ግን አላበቃም። ውግዘቱ በቂም፣ በጠብ ወይም በኤጲስ ቆጶሱ ጠባይ የተነሣ የተላለፈ እንደሆነ እንዲመረመር በየክፍለ ሀገሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ጉባኤ እንዲደረግ ሥርዓት ሠርቷል።

ይህ ሥርዓት ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዟል። የሌላውን ፍርድ ማክበር አንድነትን ይጠብቃል፤ የተፈረደበት ሰው በደል ደርሶበት እንደሆነ መመርመር ደግሞ እውነትን ይጠብቃል። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። ሁሉን ፍርድ ሳይመረምር የሚቀበል የግፍ ተባባሪ ሊሆን ይችላል፤ የማንንም ፍርድ የማይቀበል ደግሞ ሰውን በሁለት ሀገር መካከል ያለ መፍትሔ ይተዋል። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በሀገር ቤትና በውጭ በነበሩት አባቶች መካከል በዋሽንግተን በተፈጸመው ዕርቅ በሁለቱም ወገን የተላለፈው ውግዘት መነሣቱ፣ በተለያየ ስፍራ የተላለፉ ውሳኔዎችን አንድ አድርጎ ማየት ምን ያህል ከባድም አስፈላጊም እንደሆነ በዘመናችን አሳይቶናል።

ጎንደርም ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ሊቃውንቷ ሲተረጉሙት፣ በነገሥታቱም ዐደባባይ ለፍርድ ሲጠቀስ የኖረው ፍትሐ ነገሥት ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መጽሐፍ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ኢብን አል-ዓሣል በተባለ ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በሀገራችን ትውፊት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በጴጥሮስ ዐብደ ሰይድ ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ ይነገራል። በውስጡ ካሉት 51 አንቀጾች የመጀመሪያዎቹ 22 መንፈሳዊውን፣ የቀሩት 29 ሥጋዊውን ሕግ ይናገራሉ፤ የጋብቻው ነገር በ24ኛው አንቀጽ ተጽፏል። አባቶቻችን ይህን መጽሐፍ ከሌላ ሀገር ስለመጣ አልጣሉትም፤ እንዳለም አልወሰዱትም። በአንድምታ እያብራሩ ከሀገሩ ልማድ ጋር አስማምተው የራሳቸው አደረጉት። ከባዕድ የመጣን ፍርድ በጥንቃቄ መርምሮ መቀበል የእኛው የቆየ ባሕል ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

የሀገራችን ሕግ የሚጠይቃቸው አምስት ነገሮች

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዋናው ድንጋጌ የሚገኘው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 456 እስከ 461 ባለው ክፍል ነው። ሕጉ ከሚጀምርበት እንጀምር። ዓለም አቀፍ ስምምነት በግልጽ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር፣ የውጭ ሀገር ፍርድ በኢትዮጵያ የሚፈጸመው በዚህ ክፍል የተጻፈው ሲሟላ ብቻ ነው። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ የተረጋገጠ የፍርዱን ግልባጭና ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን፣ ሊፈጸምም እንደሚችል የፈረደው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወይም ሬጅስትራር የፈረመበትን ማስረጃ ያያይዛል።

ፍርድ ቤቱም በአንቀጽ 458 መሠረት አምስት ነገሮችን ይመረምራል። አንደኛ፣ ፍርዱ የተሰጠበት ሀገር የኢትዮጵያን ፍርዶች የሚያስፈጽም መሆኑን ነው። ሁለተኛ፣ ፍርዱን የሰጠው በሕግ የተቋቋመ ፍርድ ቤት መሆኑን ነው። ሦስተኛ፣ የተፈረደበት ሰው ቀርቦ መከላከያውን እንዲያሰማ ዕድል አግኝቶ እንደነበረ ነው። አራተኛ፣ ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆኑን ነው። አምስተኛ፣ አፈጻጸሙ ከሕዝብ ሥርዓትና ከመልካም ጠባይ ጋር የማይቃረን መሆኑን ነው። ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል ፍርዱ አይፈጸምም። አምስቱም ከተሟሉና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ግን የውጭው ፍርድ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንደሰጠው ፍርድ ሆኖ ይፈጸማል።

እዚህ ላይ ምእመናን ሁለት ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። የመጀመሪያው ማመልከቻው ለማን እንደሚቀርብ ነው። ጉዳዩ በወረዳ ፍርድ ቤት የሚያልቅ አይደለም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይመራዋል፤ በዛሬው የፌዴራል አደረጃጀትም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ደግሞ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይሠራል። ስለዚህ ከደባርቅ የሚነሣ ባለጉዳይ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳርም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሊጓዝ ይችላል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የቆየው ግጭት ይህን መንገድ ምን ያህል እንዳከበደው ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ደግሞ ሕጉ የሚናገረው ስለ ማስፈጸም መሆኑ ነው። ማስፈጸም ማለት ገንዘብ ማስከፈል፣ ቤት ማስረከብ፣ ንብረት ማስከበር ነው። ፍቺ ግን በባሕርይው ልዩ ነው። አንድ ሰው «ተፋትቻለሁ» ሲል ፍርድ ቤቱን የሚጠይቀው ንብረት እንዲይዝለት ሳይሆን ሁኔታው እንዲታወቅለት ነው። እውቅናና አፈጻጸም የተለያዩ ናቸው። የሀገራችን የሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ አፈጻጸም በዝርዝር ሲናገር ስለ እውቅና ግን ይህን ያህል አይናገርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲረቀቅ በተለያዩ ሀገሮች ሕጎች መካከል የሚነሣውን ግጭት የሚዳኝ ክፍል ተዘጋጅቶ የነበረ ቢሆንም በጸደቀው ሕግ ውስጥ ሳይካተት ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ክፍተቱን ሲሞሉ የኖሩት የሊቃውንት ጽሑፎችና የፍርድ ቤት ልማዶች ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ያስተምሩ የነበሩት ሮበርት ሴድለር በ1965 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ ማሳተማቸው፣ ጥያቄው ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ጋር አብሮ እንደተወለደ ያሳያል።

የባለሙያ አስተያየትና የተቆለፈው በር

ከአምስቱ መስፈርቶች እጅግ ያከራከረው የመጀመሪያው ነው። የሕግ ሰዎች አጸፋዊነት ይሉታል፤ የእኔን ፍርድ ከፈጸምህ የአንተን እፈጽማለሁ እንደማለት ነው። ይህ መኖሩ በምን ይታወቃል? በዚህ ላይ የባለሙያዎች አስተያየት በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ወገን ከዚያ ሀገር ጋር የተፈረመ ስምምነት ሊኖር ይገባል ይላል። ስምምነት ከሌለ ያ ሀገር ነገ የኛን ፍርድ እንደሚቀበል ማረጋገጫ የለምና ፍርድ ቤቱ በግምት በር ሊከፍት አይገባውም ባይ ነው። በሀገራችንም አንዳንድ ውሳኔዎች ወደዚህ አተረጓጎም ያዘነበሉ ናቸው። ሁለተኛው ወገን ግን የሕጉን ቃል በቅርበት አንብቡት ይላል። አንቀጽ 458 የሚጠይቀው የኢትዮጵያ ፍርድ በዚያ ሀገር ሊፈጸም መቻሉን እንጂ ስምምነት መኖሩን አይደለም። ዓለም አቀፍ ስምምነት ቀድሞ በአንቀጽ 456 ለብቻው ተጠቅሷል። አጸፋዊነት ያለ ስምምነት አይኖርም ከተባለ፣ ሕጉ ሁለቱን ለያይቶ መጻፉ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ የዚያ ሀገር ሕግ የውጭ ፍርድን የሚቀበል መሆኑ በሕግ ጽሑፍ፣ በፍርድ ልማድ ወይም በባለሙያ አስተያየት ከተረጋገጠ በቂ ነው ይላሉ።

በእኛ ዕይታ ሁለተኛው ንባብ ለሕጉ ቃልም ለተገፋውም ሰው ይቀርባል። የመጀመሪያው ወገን ጭንቀት ግን በከንቱ የመጣ አይደለም። ሀገር በሀገር ላይ የሚመካው በጽሑፍ ሲታሰር ነው። በዚህም ረገድ የተጀመረ መንገድ አለ፤ ኢትዮጵያ ከቻይና ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. የተፈራረመችው በፍትሐ ብሔርና በንግድ ጉዳዮች የመተባበር ስምምነት ለዚህ ምሳሌ ነው። ነገር ግን የጎንደር ልጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው ሀገሮች ጋር ሁሉ ስምምነት እስኪፈረም ይጠበቅ ቢባል የሚጠብቀው ማን ነው? የሚጠብቁት እናትና ሕፃናት ናቸው።

ጉዳዩን የሚያባብሰው ሌላም ነገር አለ። የውጭ ሀገር ዳኛ ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ሲያስፈልገው የሚጠይቀው ባለሙያን ነው። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ልማድ የውጭ ሀገር ሕግ እንደማንኛውም ፍሬ ነገር በባለሙያ ምስክር የሚረጋገጥ ነው። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 293 ዳኛው የውጭውን ሕግ በራሱ መንገድ አጣርቶ እንዲደርስበት ይፈቅድለታል፤ ብዙ ጊዜም የምርምር ተቋማት የጽሑፍ አስተያየት ይጠየቃሉ። እንግዲህ ባለሙያው «የኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ያለ ስምምነት የውጭ ፍርድ አይፈጽሙም» ብሎ ቢጽፍ፣ የዚያ ሀገር ዳኛ አጸፋዊነት የለም ብሎ የኛን ፍርድ ሊመልስ ይችላል። የኛ ዳኛም ይህን አይቶ «እነርሱ የኛን አልተቀበሉም» ይላል። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው «አንተ ቀድመህ በርህን ክፈት» ተባብለው ሌሊቱን በየደጃቸው እንደሚቆሙ ያለ ነው። ከደጅ ቆሞ የሚበርደው ግን በመካከላቸው ያለው መንገደኛ ነው።

ስለዚህ የባለሙያው ገጽ ከወረቀት በላይ ነው። አስተያየት የሚሰጥ ሰው የሕጉን ቃልና የፍርድ ቤቶችን ልማድ ለይቶ፣ ክርክሩ ገና ያልተቋጨ ከሆነም ያልተቋጨ መሆኑን ገልጦ መጻፍ ይኖርበታል። ያስጠራው ወገን የሚፈልገውን ብቻ የሚጽፍ ባለሙያ ግን በሐሰት ከሚመሰክር ሰው ብዙ አይርቅም።

ከጎንደር የወጣ ፍርድ በውጭ ሀገር

መንገዱን ገልብጠን እንመልከተው። አንዲት የዳባት እናት ልጇን ለብቻዋ ታሳድጋለች እንበል፤ አባቱ በጀርመን ይኖራል። እዚህ ያለው ፍርድ ቤት ጋብቻው እንዲፈርስና አባትየው ቀለብ እንዲከፍል ቢወስን በዚያ ምን ይሆናል? የጀርመን ሕግ ፍቺውንና ቀለቡን ለያይቶ ያያቸዋል። በውጭ ሀገር የተሰጠ ፍቺ በጀርመን እንዲታወቅ በየክፍለ ሀገሩ ያለው የፍትሕ አስተዳደር መርምሮ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ለፍቺው አጸፋዊነት አይጠየቅም። ወደ ቀለብና ወደ ገንዘብ ሲመጣ ግን አጸፋዊነት ይጠየቃል። እንግዲህ እናቲቱ ተፈታለች ተብላ ትታወቃለች፤ የልጇ እንጀራ ግን በር ላይ ሊቀር ይችላል። ከላይ ያነሣነው የባለሙያ አስተያየት የሚወስነው ይህን ነው።

በእንግሊዝ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በውጭ ሀገር የተሰጠን ፍቺ የሚቀበለው በሰጠው ሀገር ሕግ የጸና ከሆነና ከተጋቢዎቹ አንዱ የዚያ ሀገር ዜጋ፣ ነዋሪ ወይም ቋሚ ቤተኛ ከነበረ ነው። ሆኖም ሌላው ወገን በአግባቡ ሳይነገረው የተሰጠ ከሆነ ሊከለክለው ይችላል። በአሜሪካ ደግሞ ጉዳዩ በአብዛኛው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። ዋናው መሠረት ከ1895ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው መከባበር ነው፤ የፈረደው ፍርድ ቤት ሥልጣን እንደነበረውና ተከሳሹ መጥሪያ እንደደረሰው ይመረመራል። ገንዘብን በሚመለከት ብዙ ክፍለ ግዛቶች አንድ ዓይነት ሞዴል ሕግ ተቀብለዋል፤ አጸፋዊነትን የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው።

እስራኤል በበኩሏ ለጎንደር ሰው ለየት ያለ ጥያቄ ታነሣለች። ከጎንደርና ከሰሜን ደጋ ወደዚያ የሄዱ ቤተ እስራኤል ብዙ ናቸው፤ በሁለቱም ሀገር የተከፋፈሉ ቤተሰቦችም አሉ። በእስራኤል ከ1953 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ የሚዳኘው በረቢዎች ፍርድ ቤት ነው። የኛ ሕግ «በሕግ የተቋቋመ ፍርድ ቤት» ሲል የሃይማኖት ፍርድ ቤትን ይጨምራልን? በዚያ ሀገር እነዚህ ችሎቶች በመንግሥት ሕግ የቆሙ ስለሆኑ፣ ስማቸው ሃይማኖታዊ በመሆኑ ብቻ ውሳኔያቸውን መጣል ተገቢ አይመስለንም። የሀገራችን ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖታዊ ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ንጽጽር ማንሣት ግድ ይለናል። ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም የተደረገውን የኒው ዮርክ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1184 አጽድቃ አባል ሆናለች። ስለዚህ በነጋዴዎች መካከል የተሰጠ የግልግል ውሳኔ ድንበር ተሻግሮ የሚገባበት የተጠረገ መንገድ አለው። ለአንዲት እናት የተፈረደ ቀለብ ግን እንደዚህ ያለ መንገድ የለውም። በ2007 እ.ኤ.አ. በሔግ ስለ ልጆች ቀለብ የተደረገው ስምምነትና በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ፍርዶች እውቅና የተደረገው ስምምነት ለመንግሥታት ክፍት ናቸው። የሀገራችን የሕግ ሰዎችና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እነዚህን ለሕፃናት ሲሉ ሊያጠኗቸው ይገባል እንላለን።

ሳይሰሙ መፍረድ

ከአምስቱ መስፈርቶች ለምእመናን ሕይወት እጅግ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። በሰሜን ተራሮች ሥር ያለች አንዲት ሚስት ባሏ በሩቅ ሀገር ፍርድ ቤት ቢከስሳት መጥሪያው እንዴት ይደርሳታል? በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ በዘመድ እጅ ቢመጣ፣ ወይም ፍርድ ቤቱ አድራሻዋ አልታወቀም ብሎ በማስታወቂያ ቢጠራት፣ ዕድል አግኝታለች ይባላልን? በእኛ እምነት አይባልም። ኒቆዲሞስ በፈሪሳውያን ጉባኤ መካከል ቆሞ የጠየቀው፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተጻፈው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሕጉ ሰውን ሳይሰማ አይፈርድምና። ፊስጦስም አሕዛባዊ ሹም ሲሆን፣ ተከሳሹ ከከሳሾቹ ጋር ፊት ለፊት ሳይቆም ለሞት አሳልፎ መስጠት የሮማውያን ልማድ አለመሆኑን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 ተናግሯል። አሕዛብ የጠበቁትን ሥርዓት ክርስቲያን ባል በሚስቱ ላይ ቢጥሰው ምን ይባላል?

ስለዚህ እንዲህ ያለ ፍርድ ወደ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ሚስቲቱ አስተያየቷን ለፍርድ ቤቱ የማቅረብ መብት አላት። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይህን አረጋግጦላታል። ከፍርድ ቤት የመጣ መጥሪያ፣ ከየትም ይምጣ፣ ሳይነበብ በሙዳይ ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። ዝም ማለት እንደ መቀበል የሚቆጠርበት ጊዜ አለና።

ፍርድ በወረቀት መጻፉ ብቻውን ነገሩን እንደማይጨርስም ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። በኢየሩሳሌም በዴር ሡልጣን ገዳማችን ጉዳይ በ1971 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ቁልፎቹ ለግብፃውያን ፈርዶ ነበር፤ የይዞታውን ዋና ጥያቄ ግን ለመንግሥት ተወው። ነገሩ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። ፍርድ ከተነገረበት ሰዓት እስከሚፈጸምበት ሰዓት ያለው ርቀት አንዳንዴ የትውልድ ርቀት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ፍርድ ቤት አይደለችም። በአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 79/1995 በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ጋብቻን የማፍረስ ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። ሕጉ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ እንደ ጸና ጋብቻ ስለሚቀበል ግን፣ በተክሊልና በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ በዚህ ሀገር ሕጋዊ ውጤት አለው። ውጭ ሀገር ሄዶ «በቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ በማዘጋጃ ቤት አላገባሁም፤ ስለዚህ ትዳር አልነበረኝም» የሚል ሰው በሕግም በሕሊናም ይሳሳታል። የቀደመው ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ ማግባትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ያስቀጣል።

በሌላ በኩል የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ የሥጋዊውን ሕግ ግንኙነት ያፈርሳል እንጂ በቅዱስ ቁርባን የታተመውን አንድነት በራሱ አይፈታም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ስለ ጋብቻ ያስተማረው ትምህርት በየትኛውም ሀገር ማኅተም አይሻርም። ስለዚህ በውጭ ሀገር የተፋታ ሰው ዳግመኛ ሊያገባ ቢፈልግ ጉዳዩ በንስሐ አባቱ በኩል በየደረጃው ባሉት የቤተ ክርስቲያን አባቶች መታየት ይገባዋል። ወረቀቱ ለዚህ ምርመራ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ለአጥቢያ አስተዳዳሪዎች፣ ለንስሐ አባቶችና ለወላጆች ጥቂት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የውጭ ሀገር የፍቺ ወረቀት ሲቀርብ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር ይሁን። የፈረደው ፍርድ ቤት ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ሰነዱም በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የተረጋገጠበት ማኅተም ይታይ። ጥርጣሬ ካለ የሕግ ባለሙያ ሳይጠየቅ የሰርግ ቀን አይቆረጥ።

ሁለተኛ፣ ያቺ የቀደመች ሚስት ወይም ያ የቀደመ ባል በሀገር ውስጥ ካለ በዘመድም በካህንም በኩል ይጠየቅ። «ሰምተሻልን?» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙ ዕንባ ያስቀራል።

ሦስተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ በጥንቃቄ ይያዝ። የተጋቢዎቹ ስም እስከ አያት ይጻፍ፤ የክርስትና ስምና መጠሪያ ስም ይለያዩ፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ በሌላኛው ምን እንደሚሆን ይታከል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በትርጉም ጊዜ ሲሳሳት፣ የውጭ ሀገር ባለሙያ ሁለቱን ሰነዶች እንደ ሁለት ጋብቻ ሊያያቸው ወይም ሰነዱን ሐሰተኛ ነው ሊለው ይችላል። የቤተሰብ ስም በሌለን ሕዝብ ዘንድ በአንድ ፊደል የተለወጠ የአባት ስም እንኳ እናትን ከልጇ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረትም ጋብቻው በወሳኝ ኩነት መዝገብ እንዲመዘገብ ካህናት ተጋቢዎችን ያሳስቡ።

አራተኛ፣ ወደ ውጭ ሀገር ለመውሰድ ወይም ለጉዞ ጉዳይ ሲባል የሐሰት ጋብቻና የሐሰት ፍቺ ማድረግ ኃጢአትም ወንጀልም ነው። በሐሰት የተጻፈ ፍቺ አንድ ቀን እንደ እውነተኛ ይሠራል፤ «ለወረቀት ነው» ተብሎ የተፈረመው ወረቀት ቤት አፍርሷል።

አምስተኛ፣ በውጭ ያላችሁ የሕግ ትምህርት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች በየሰበካ ጉባኤያችሁ ምእመናንን አማክሩ። የሀገራችሁን ሕግና የምትኖሩበትን ሀገር ሕግ የምታውቁ እናንተ ናችሁ፤ ከዳባት የምትደወል እናት ማን ዘንድ እንደምትሄድ እንድታውቅ ስማችሁን ለአጥቢያው አስታውቁ።

በመጨረሻም ጎንደር ከባሕር ማዶ የመጣን ሕግ በሊቃውንቷ ሸንጎ መርምራ የተቀበለች ከተማ ናት። ዛሬም ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ፍርድ መጣልም እንዳለ መዋጥም አይገባትም። ዳኛው አምስቱን መስፈርት ይመርምር፤ ባለሙያው እውነቱን ይጻፍ፤ ካህኑ ይጠይቅ፤ ወላጅም ልጁን ከመዳሩ በፊት ይታገሥ። እነዚህ አራቱ በየድርሻቸው ቢቆሙ በሚቀጥለው ጥር ከሚሰሙት የእልልታ ድምፆች አንዱም በሌላ ሴት ዕንባ ላይ የቆመ አይሆንም። እግዚአብሔር ለዳኞች ማስተዋልን፣ ለቤተሰቦቻችን ሰላምን፣ ለሀገራችንም ምሕረትን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።